ምልክት ያላቸውን የላቲን ፊደሎች በኮምፒውተር ላይ እንዴት ትጽፋላችሁ?

የኅዳግ ማስታወሻ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ እርማት ነው። አሁን በእጄ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ከኋላው ረጅም የዋቢ ዝርዝር አለው፤ ግማሹ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ነው። ደራሲው በፊደሎቹ ላይ የሚቀመጡትን ምልክቶች በሙሉ ትቷቸዋል፤ አሳታሚው ደግሞ ሁሉም በየቦታቸው እንዲመለሱ ይፈልጋል። እስካሁን የማደርገው ፊደሉን ከድረ ገጽ ላይ ቀድቼ መለጠፍ ነው። ነገር ግን ከፊደሉ ጋር የሌላ ሰው የፊደል ቅርጽና መጠን አብሮ እየመጣ ገጹን ያበላሽብኛል።

ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ላፕቶፕ ነው፤ በቀኝ በኩል የቁጥር ሰሌዳ የለውም። የምጽፈው በወርድ ነው። የምፈልጋቸው በዋናነት እነዚህ ናቸው፦ «ኢ» ከላዩ ወደ ቀኝም ወደ ግራም የዘመመ ጭረት ያለበት፣ ጣሪያ የደፋው «ኢ»፣ ከሥሩ ጭራ ያለው «ሲ»፣ ሁለት ነጥብ የተሸከሙት የጀርመንኛ «ኤ»፣ «ኦ» እና «ዩ»፣ እንዲሁም ድርብ «ኤስ» ሆኖ የሚነበበው የጀርመንኛ ፊደል። (ፊደሎቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው ጠርቻቸዋለሁ፤ እናንተም እንዲሁ ብትጠሯቸው እንግባባለን።) እኅታችሁን እርዷት።

ባለ ታይፕ፦
ልጄ፣ መፍትሔው ከድሮም ያለ ነው። አልትን ተጭነሽ ይዘሽ በቁጥር ሰሌዳው ላይ 0233 ብለሽ ጻፊና አልትን ልቀቂ። ወደ ቀኝ የዘመመው «ኢ» ይኸውልሽ። 0232 ወደ ግራ የዘመመው ነው፤ 0234 ጣሪያ ያለው፤ 0231 ጭራ ያለው «ሲ»፤ 0228፣ 0246 እና 0252 የጀርመንኛዎቹ ሦስቱ፤ 0223 ደግሞ ድርቡ «ኤስ»። የፈረንሳይኛው የአገራችን ስም የሚጀምርበትን ትልቁን «ኢ» በ0201 ታገኚዋለሽ፤ የጀርመንኛው የሚጀምርበትን ትልቁን «ኤ» በ0196።

ከፊት ያለችውን ዜሮ እንዳትዘያት። ያለ ዜሮ የሚጻፈው ቁጥር የሚፈልገው በ1981 ከወጣው የአይቢኤም ኮምፒውተር ጀምሮ የቆየውን ሠንጠረዥ ነው፤ በዜሮ የሚጀምረው ዊንዶውስ ኋላ ያመጣውን። ስለዚህ 130 እና 0233 አንድ ፊደል ሲሰጡ 233 ብቻውን ፈጽሞ ሌላ ምልክት ይሰጥሻል። ሰው «ቁጥሩ አይሠራም» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህች ዜሮ ናት።

ምንም መጫን የለ፣ ምንም መቀየር የለ። ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ይሠራል።

ሰረዝ፦
ጋሼ ባለ ታይፕ፣ ጠያቂዋ የቁጥር ሰሌዳ የለኝም ብለዋል እኮ። ከላይ በአንድ ረድፍ ያሉት ቁጥሮች ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ባለ ታይፕ፦
በዩኤስቢ የሚሰካ የቁጥር ሰሌዳ ለብቻው ይሸጣል። ትግዛ።

ቀንድ ቀለም፦
ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጨምርበት፤ ነም ሎክ መብራቱን ሳያዩ በድር አሳሽ ውስጥ ይህን አይሞክሩት። ነም ሎክ ሲጠፋ የ4 ቁጥር ቁልፍ የግራ ቀስት ይሆናል። አልት ከግራ ቀስት ጋር ደግሞ በአሳሾች ዘንድ «ወደ ቀድሞው ገጽ ተመለስ» ማለት ነው። 0234 ብለው ጣሪያ ያለውን «ኢ» ሲጠብቁ፣ ሲሞሉት የቆዩት ቅጽ ከፊትዎ ተነሥቶ ይሄዳል። በሥራ ባልደረባዬ ላይ ሲደርስ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ያን ቀን የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ሰረዝ፦
ወደ ጥያቄው ልመለስ። ቁጥር በቃል መያዝ በዓመት አንዴ ለሚያስፈልግ ፊደል ነው። ረጅም የዋቢ ዝርዝር ለሚያርም ሰው የሚሻለው የፊደል ሰሌዳውን አቀማመጥ መቀየር ነው። በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ቋንቋዎች ይሂዱ፤ ከእንግሊዝኛ ሥር ያለውን የቋንቋ አማራጭ ይክፈቱ፤ «ኪቦርድ ጨምር» የሚለውን ተጭነው «ዩናይትድ ስቴትስ ኢንተርናሽናል» የሚባለውን ይምረጡ። ከዚያ በኋላ የዊንዶውስ ቁልፍንና የክፍተት ቁልፍን አብረው እየተጫኑ ከአማርኛው ወደ እርሱ፣ ከእርሱም ወደ አማርኛው ይመላለሳሉ።

በዚህ አቀማመጥ አምስት ምልክቶች ሙት ቁልፍ ይሆናሉ፤ ሲጫኗቸው ምንም አይጽፉም፣ የሚቀጥለውን ፊደል ይጠብቃሉ። «'» ተጭነው «ኢ»ን ሲያስከትሉ ወደ ቀኝ የዘመመው ይወጣል፤ «`» ወደ ግራ የዘመመውን፣ «^» ጣሪያውን፣ «"» ሁለቱን ነጥብ ያስቀምጣል። «~» ከ«ኤን» ጋር የስፓኒሽኛውን ፊደል ይሰጣል። ጭራ ያለው «ሲ» ደግሞ ከ«'» በኋላ «ሲ»ን ሲጫኑ ይመጣል። ትልቁን ፊደል ከፈለጉ ፊደሉን ከሺፍት ጋር ይጫኑ። ይኸው ነው፤ በቃል የሚያዝ ቁጥር የለም።

ባለ ታይፕ፦
ሙት ቁልፍ ከጽሕፈት መኪና የመጣ ነገር ነው፤ ለእናንተ አዲስ ይምሰላችሁ እንጂ። በአውሮፓውያን የጽሕፈት መኪና ላይ ምልክቱን ስትመታው ወረቀቱን የተሸከመው ክፍል አይንቀሳቀስም ነበር፤ ስለዚህ ቀጥሎ የተመታው ፊደል እዚያው ምልክቱ ሥር ያርፋል። ቁልፉ ሠረገላውን ስለማያራምድ ነው ሙት የተባለው። ኮምፒውተሩ ቅደም ተከተሉን እንዳለ ወረሰ፤ ለዚህ ነው ምልክቱ ከፊደሉ በፊት የሚጻፈው።

ቀንድ ቀለም፦
ሰረዝ፣ ምክርዎ ጥሩ ነው፤ ግን ጉዱን አልነገሯቸውም። ሙት ቁልፍ ባላሰቡበት ቦታ ሕያው ይሆናል። ለምሳሌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀውን የአንትዋን ዳባዲን ስም እንውሰድ። በፈረንሳይኛ ሲጻፍ «ዲ»፣ ቀጥሎ «'»፣ ቀጥሎ ትልቁ «ኤ» ነው። በኢንተርናሽናል ሰሌዳ ላይ እንደ ልማድዎ ከጻፉት «'» እና «ኤ» ተዋሕደው አንድ ምልክት ያለው ፊደል ይሆናሉ፤ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። በዋቢ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ይህ ስም ሳይኖር አይቀርም። ከአናባቢ በፊት የሚመጣው «'» በፈረንሳይኛ በየመስመሩ አለ። በእንግሊዝኛም በጥቅስ ምልክት ተከፍቶ በ«ኤ» የሚጀምር አርእስት ሁሉ ሁለት ነጥብ ተሸክሞ ይወጣል።

መድኃኒቱ ከ«'» በኋላ የክፍተት ቁልፉን መጫን ነው፤ ያኔ ምልክቱ ብቻውን ይጻፋል። ግን እጅ እስኪለምደው ድረስ ያበሳጫል። እኔ በበኩሌ እዚያው ሰሌዳ ላይ ያለውን የቀኙን አልት እመርጣለሁ። የቀኙ አልት ከ«ኢ» ጋር በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ የዘመመውን ይሰጣል። ከ«ኪው» ጋር የጀርመንኛውን «ኤ»፣ ከ«ፒ» ጋር «ኦ»ውን፣ ከ«ዋይ» ጋር «ዩ»ውን፣ ከ«ኤስ» ጋር ድርቡን «ኤስ»፣ ከኮማ ጋር ጭራ ያለውን «ሲ»። ሙት ቁልፍ የሚያስፈልገኝ ወደ ግራ ለዘመመውና ለጣሪያው ብቻ ነው።

የኅዳግ ማስታወሻ፦
ዳባዲ በዝርዝሩ ውስጥ አለ! እናመሰግናለን። አንድ ነገር ላስከትል፦ ሌላ ሰሌዳ ሳልጨምር በወርድ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ዘዴ የለም? አሁንም ሁለት ሰሌዳ እያቀያየርሁ ነው፤ ሦስተኛ ሲጨመር የትኛው ላይ እንዳለሁ መዘንጋቴ አይቀርም። ደግሞስ ፈረንሳይኛ በትልቅ ፊደል ሲጻፍ ምልክቱን መተው ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

ሰረዝ፦
የሁለተኛው ጥያቄ መልስ፦ አይቻልም። የፈረንሳይ አካዳሚ አቋም በትልቁም ፊደል ላይ ምልክቱ ሙሉ ዋጋ አለው የሚል ነው። መተው የተለመደው በጽሕፈት መኪናና በፈረንሳይ የፊደል ሰሌዳ ላይ ምልክት ያላቸውን ትልልቅ ፊደሎች መጻፍ አስቸጋሪ ስለነበረ ነው። አሳታሚዎ ትክክል ናቸው።

የመጀመሪያው፦ ወርድ የራሱ ዘዴ አለው። ኮንትሮልን ከ«'» ጋር ተጭነው ይልቀቁ፤ ከዚያ «ኢ»ን ይጫኑ። ኮንትሮል ከ«`» ጋር ለግራው። ኮንትሮል ከኮማ ጋር ለ«ሲ» ጭራ። ለጣሪያው ኮንትሮል፣ ሺፍትና 6፤ ለሁለቱ ነጥብ ኮንትሮል፣ ሺፍትና «:» ያለበት ቁልፍ። ለድርቡ «ኤስ» ኮንትሮል፣ ሺፍትና 7፣ ቀጥሎ «ኤስ»። በዚሁ በ7 ቀጥሎ «ኦ»ን ቢጫኑ በፈረንሳይኛ «ኦ» እና «ኢ» ተጣብቀው የሚጻፉበት ፊደል ይመጣል፤ እርሱም በአርእስቶች ውስጥ አይጠፋም። ሁሉም የሚሠራው ሰሌዳው እንግሊዝኛ ላይ ሲሆን ነው፤ የአማርኛው ሰሌዳ እነዚህን ምልክቶች ለራሱ ይወስዳቸዋል።

ባለ ማክ፦
ማክ ላይ ፊደሉን ተጭናችሁ ያዙት፤ አማራጮቹ ከቁጥር ጋር ከላዩ ይወጣሉ፤ ቁጥሩን ምረጡ። በቃ።

ባለ ታይፕ፦
አንተን ማን ጠየቀህ?

ባለ ማክ፦
ጋሼ፣ ክሩን የሚያነብ ሁሉ ዊንዶውስ የለውም ብዬ ነው። መያዝ ለሚያዘገየው፦ ኦፕሽን ከ«ኢ» ጋር፣ ቀጥሎ ፊደሉ፣ የቀኙን ጭረት ይሰጣል፤ ኦፕሽን ከ«ዩ» ጋር ሁለቱን ነጥብ፤ ከ«አይ» ጋር ጣሪያውን፤ ከ«ኤን» ጋር የስፓኒሽኛውን። ጭራ ያለው «ሲ» በኦፕሽንና በ«ሲ» በአንዴ ይወጣል። እነዚህም ያው የጋሼ ሙት ቁልፎች ናቸው።

ጉልላት፦
ሊኑክስ ላይ ላላችሁ፦ በሰሌዳ ማስተካከያ ውስጥ ኮምፖዝ የሚባል ቁልፍ አለ፤ የቀኙን አልት ወይም የማትጠቀሙበትን ሌላ ቁልፍ ሰይሙለት። ኮምፖዝን ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ከዚያ «'» እና «ኢ»። ኮምፖዝ፣ ኮማና «ሲ»። ኮምፖዝ፣ «ኤስ» እና «ኤስ»። ማየት የለመዳችሁትን ቅርጽ በቁርጥራጭ መግለጽ ነው፤ የማታውቁትን ፊደል እንኳ ገምታችሁ ታገኙታላችሁ። ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም፤ ዊንዶውስ አብሮት ይዞ አለመምጣቱ ይገርመኛል። ጠያቂዋ ግን ዊንዶውስ ላይ ስለሆኑ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚያድለውን ፓወርቶይስ ቢጭኑ ይሻላል፤ በውስጡ ኩዊክ አክሰንት አለ። «ኢ»ን ተጭነው ሳይለቁ የክፍተት ቁልፉን ሲመቱ የምልክቶቹ ረድፍ ይወጣል፤ እስኪደርሱበት ድረስ እየመቱ ይመርጣሉ። ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ብቻ እንዲያሳይ ያድርጉት፤ አለዚያ የዓለም ቋንቋ ሁሉ ይሰለፍብዎታል።

እንግዳ፦
ጥያቄዬ ትንሽ የተለየ ነው፤ ይቅርታ። የቆየ የአማርኛ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ስከፍት ከላይ እስከ ታች እናንተ የምትሏቸው ምልክት ያላቸው የላቲን ፊደሎች ሆኖ ይታየኛል። ማንም ፈረንሳይኛ አልጻፈበትም። ቫይረስ ነው?

ጉልላት፦
ቫይረስ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ ለየራሳቸው ቁጥር ወደሚሰጠው ሠንጠረዥ) የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የራሳቸው ቦታ ስላልነበራቸው የፊደሎቻችንን ቅርጽ ምልክት ባላቸው የላቲን ፊደሎች ቁጥር ላይ ያስቀምጡት ነበር። ኮምፒውተሩ በፋይሉ ውስጥ የሚያውቀው ቁጥሩን ነው፤ ፎንቱ ካለ አማርኛ ያሳያል፣ ከሌለ እውነተኛ ባለቤቶቹን። ያንኑ ፎንት ይጫኑና ይክፈቱት፤ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ መሣሪያ ይለውጡት።

ለጠያቂዋም ይጠቅማል፦ የመጽሐፉ ዋና ጽሑፍ በእንዲህ ያለ ፎንት ከተለቀመ የዋቢው ዝርዝር ፎንት የተለየ መሆኑን ያረጋግጡ። አለዚያ የጻፉት ጣሪያ ያለው «ኢ» በማተሚያው ዘንድ የግዕዝ ፊደል ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ሐመረ ፊደል፦
ዘግይቼ ደረስሁ። እስካሁን የተባለው ሁሉ ለፈረንሳይኛና ለጀርመንኛ ይበቃል። በዋቢ ዝርዝሩ ውስጥ ግን በላቲን ፊደል የተጻፉ የግዕዝና የአማርኛ አርእስቶች ካሉ ችግሩ ሌላ ነው፤ ከሥሩ ነጥብ ያለበት «ቲ» ለጠ፣ ነጥብ ያለበት «ኤች» ለሐ፣ ነጥብ ያለበት «ዲ» ለፀ፣ የተገለበጠ «ኢ» ለሳድስ። ኢንተርናሽናል ሰሌዳም ሆነ የጋሼ ቁጥሮች እነዚህን አያውቋቸውም።

በወርድ ውስጥ ያለው መንገድ የዩኒኮዱን ቁጥር ጽፎ አልትን ከ«ኤክስ» ጋር መጫን ነው። ከሥር የሚቀመጠው ነጥብ 0323 ነው። «ኤች» ጽፈው፣ ሳያራርቁ 0323 አስከትለው፣ አልትና «ኤክስ» ሲጫኑ ቁጥሩ ጠፍቶ ነጥቡ ከፊደሉ ሥር ይገባል። «ቲ»ም እንዲሁ። በ«ዲ» ሲሞክሩት ግን አይሆንም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ምክንያቱ የዩኒኮድ ቁጥር በአሥራ ስድስት የሚቆጠር መሆኑ ነው፤ ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ያሉት ፊደሎች በዚህ አቆጣጠር አኃዞች ናቸው። ወርድ «ዲ»ን የቁጥሩ መጀመሪያ አድርጎ ያነባትና ሌላ ቦታ ሄዶ ይፈልጋል። ስለዚህ አልትንና «ኤክስ»ን ከመጫንዎ በፊት 0323 የሚለውን ብቻ በጥቁር ይምረጡት።

ሁለተኛው ወጥመድ የተገለበጠው «ኢ» ነው። በዩኒኮድ ውስጥ ሁለት አለ፤ በተለመደው አሥርዮሽ ቁጥር አንዱ 477 ነው፣ ሌላው 601። ትንንሾቹ በዓይን አይለዩም። ትልልቆቹ ግን ይለያያሉ፤ የ477 ትልቁ የተገለበጠ ትልቅ «ኢ» ነው፣ የ601 ትልቁ የትንሹን ቅርጽ ይዞ የገዘፈ። ከሁለቱ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይያዙት። አሳታሚዎ የሚከተሉት ሥርዓት ካለ የትኛውን እንደሚፈልግ ይጠይቁ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ማውጫው በፊደል ተራ ሲደረደር አንዱ ስም ሁለት ቦታ ይቀመጣል።

ቀንድ ቀለም፦
ይህን ሁሉ በየጊዜው በቁጥር መጻፍ ግን ልብ ያደርቃል። በወርድ ራስ-አራሚ ውስጥ ያስገቡት፤ ለምሳሌ «ቲ»ና ሁለት ነጠላ ነጥብ ተከታትለው ሲጻፉ ባለ ነጥቡ «ቲ» እንዲተካ። በየትኛውም ቃል ውስጥ በተፈጥሮ የማይገጥም ጥምረት ይምረጡ።

ሰረዝ፦
ከክሩ ትንሽ ወጣ ያለ ምክር፦ በእነዚህ ፊደሎች ደስ ብሏችሁ የይለፍ ቃል እንዳትሠሩባቸው። በሌላ ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችሁ ፊደሉን የምታወጡበት ስታጡ ከራሳችሁ መዝገብ ውጭ ትቀራላችሁ።

ወለላ፦
የእኛስ ፊደል? ፊደል መጥበቁን የሚያሳዩት ከላዩ የሚደረጉት ሁለት ነጥቦች በኮምፒውተር አሉ? ለቋንቋ ተማሪዎች «አለ» እና «አለ፟» መለየት አለብኝ።

ሐመረ ፊደል፦
አሉ፤ በ2005 በወጣው የዩኒኮድ 4.1 እትም ገብተዋል፤ በአሥርዮሽ ቁጥራቸው 4959 ነው። ከላቲኑ ሙት ቁልፍ በተቃራኒ ምልክቱ የሚጻፈው ከፊደሉ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ «ለ»፣ ቀጥሎ ምልክቱ። በወርድ 135 ጽፈው «ኤፍ»ን ያስከትሉና አልትን ከ«ኤክስ» ጋር ይጫኑ። ነጥቦቹ ፊደሉ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ ከወደቁ ጥፋቱ የፎንቱ ነው፤ ሌላ ይሞክሩ።

የኅዳግ ማስታወሻ፦
የወርዱን የኮንትሮል ዘዴ ይዤ ዝርዝሩን ልጨርስ ተቃርቤአለሁ፤ ድርቡን «ኤስ» ብቻ ገና እየፈለግሁ እጽፈዋለሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ወደ ቀኝ የዘመመ «ኢ» ያለበትን የአንድ ደራሲ ስም በወርድ መፈለጊያ ስፈልግ ግማሹን ያገኘዋል፣ ግማሹን አያየውም። በዓይኔ ሳያቸው አንድ ናቸው። ፎንታቸውም አንድ ነው።

ሐመረ ፊደል፦
የማይገኙትን ከፒዲኤፍ ቀድተው የለጠፏቸው ይመስለኛል። አንዱን ይምረጡና ጠቋሚውን ከፊደሉ በስተኋላ አድርገው አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ያጥፉ። ጭረቱ ብቻ ጠፍቶ «ኢ» ባዶዋን ከቀረች ፊደሉ በሁለት ቁራጭ የተጻፈ ነው፤ «ኢ» ለብቻ፣ ጭረት ለብቻ። እርስዎ በኮንትሮል የጻፉት ግን አንድ ወጥ ፊደል ነው። ዩኒኮድ ሁለቱንም አጻጻፍ ይፈቅዳል፤ መፈለጊያው ግን ቁጥሮቹን እንጂ መልኩን አያይም።

የኅዳግ ማስታወሻ፦
ልክ ነው፤ ጭረቷ ብቻ ጠፋች። ታዲያ በመቶ ገጽ ውስጥ እንዴት አድርጌ ልልቀማቸው?

ሐመረ ፊደል፦
በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ የጣሪያ ምልክቱን «^»፣ ቀጥሎ «ዩ» የሚለውን ትንሽ የላቲን ፊደል፣ ቀጥሎ 769 ይጻፉ፤ ክፍተት አይኑር። ለብቻው የተጻፈውን የቀኝ ጭረት ሁሉ አንድ በአንድ ያወጣልዎታል። 768 የግራው ነው፣ 770 ጣሪያው፣ 776 ሁለቱ ነጥብ፣ 807 የ«ሲ» ጭራ። በቀጥታ «ሁሉንም ተካ» አይበሉ፤ ጭረቱ የተቀመጠበት ፊደል «ኢ» ብቻ ላይሆን ይችላል። ባገኙት ቁጥር ፊደሉንና ጭረቱን አብረው አጥፍተው በኮንትሮሉ ዘዴ እንደገና ይጻፉት። 803 ግን ከሥር የሚቀመጠው ነጥብ ነው፤ ቀድሞ በአሥራ ስድስት አቆጣጠር 0323 ያልሁት ራሱ ነው፤ አርእስቱ በላቲን የተጻፈ ግዕዝ ከሆነ እርሱን ተዉት።